ገዢው ላነሳው ጥያቄ

“ታማኝ ነው ወይ?” አልከኝ፣ ጓንትህን ሳታወልቅ፣
ብርድ ልብሱን ሳልገፍለት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ።
አልዋሽህም ወንድሜ፤ ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል?
ማንዳልጎቢ ትንሽ ናት፤ ነገ ማን ያምነኛል?

ስድስት ሲሊንደር ነው፤ አራት ነጥብ ሁለት፤
ስምንት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ጎቢን የዞረበት፣
ቆጣሪው ሰልችቶት ሁለቴ የቆመበት።
ባሌ ጎንቺግ ነዳው፤ እኔ ዱላምሱረን ፈታሁት፣ ገጠምሁት፤
ሌላ ሴት ልጇን በሳሉ እንደምትለይ፣ በሳሉ ለየሁት።
አሸዋው በተነሳበት ዓመት ሰባት ሰውና አንድ የታመመ የግመል ግልገል ጭኖ
ሌሊቱን ሲስብ አደረ፣ አንዴም ሳያጉረመርም፣ ጸጥ ብሎ፣ ታምኖ።

አሁን ሕመሙን ልንገርህ። ጥር ሲገባ፣
ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፣ ሲደርቅ ዓይን ላይ እንባ፣
ናፍጣው እንደ በግ ጮማ ይረጋል፤ ትቦው ውስጥ ይተኛል፤
ካንዴላው ቢቀላ፣ ባትሪው ቢያቃስት፣ “ተወኝ” ይልሃል።
የግመል ኩበት አቀጣጥለህ፣ ፍሙን በቆርቆሮ ከዘይት ቋቱ ስር ታኖራለህ፤
እንደ አራስ ታሞቀዋለህ።
ካልቸኮልክ ይነሳል። ከቸኮልክ ታነደዋለህ።

ናፍጣው ራሱም ሌላ ጣጣ ነው፤ ከበርሜል የተቀዳ፣
ውሃና አሸዋ የጠጣ፣ አገሩ የማይታወቅ እንግዳ።
ኖዝሉ ሲታመም ያንኳኳል፦ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ በብርድ ማለዳ፤
ሲሞቅ ዝም ይላል። ዝምታው ነው የሚያስፈራው፤
አንዷ ኖዝል እያንጠባጠበች ፒስተን ትበሳለች፣ ማንም ሳይሰማው።

ፊልትሮውን በየሳምንቱ አራግፈው፤ የጎቢ አቧራ እንደ በሶ የላመ ነው፤
ቀዳዳ ካገኘ ገብቶ ሲሊንደሩን እንደ ድመት ይልሰዋል፣ እስኪጨርሰው።
ብሮንዚናው ደግሞ አለ፤ ከቢዬላው እግር ስር፣ ከሳንቲም የሳሳ፤
የዚህ ሞተር አሮጌ ሐሜት ነው። ሁለቴ ለወጥሁት፣ ለገንዘብ ሳልሳሳ።
ቺንጋው በየመቶ ሺው ነው። ያቺ ቀይ መብራት ስትበራ “ቆይ” እንዳትል፤
የ“ቆይ” ዋጋው ቴስታታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይከፍል?
ዘይት ጥቂት ይበላል።
እኔም እበላለሁ።

ጎንቺግን አልጠየቅኸኝም። ዓይንህ ግን ጠየቀኝ።

ሞተሩ አልገደለውም።
ጣት የምታክል የጎማ ትቦ ነበረች፣ ከቴስታታው ጀርባ፣ እጅ የማይደርስባት፣
ስንጥቋን በመስከረም አይቼ “ብርዱን ትሻገራለች” ያልኳት።
ከጾግት ኦቮ ወዲህ፣ ሌሊት፣ ውሃው ፈሰሰ፤ መርፌው ቀዩ ላይ ወጣ።
አርባ ኪሎ ሜትር ነበር የቀረው። እየጮኸም፣ እየነደደም ያደርሰው ነበር፤
ይህን አውቃለሁ፤ ይህ ሞተር ሳያደርስ አይሞትም።
ጎንቺግ ግን አጠፋው፣
ሚስቱ ሦስት ወር የደከመችበት ቴስታታ እንዳይጣመም።
ይህን ብርድ ልብስ፣ አዎ፣ ይህንኑ፣ ኮፈኑ ላይ አልብሶ
በእግሩ ሄደ።
መኪናውን በማግስቱ አገኙት።
እሱን በሦስተኛው ቀን።
አሙቄ፣ ውሃ ጨምሬ፣ ቁልፉን ሳዞረው ወዲያው ተነሳ፤
ጓርኒሲዮኑ እንኳ አልተነካም።

እና፣ ታማኝ ነው ወይ? አዎ። ለእኔ ከልክ በላይ።
ና፣ ከማርሚታው ኋላ ቁም፤ ጭሱን በዓይንህ እይ፤
ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ እስከ ሠላሳ ቁጠር፤ ካልጠፋ አትግዛኝ።
ትቦዎቹ በሙሉ አዲስ ናቸው። በዚያ አትጠርጥረኝ።
ዋጋው ያልኩህ ነው፤ አልቀንስም። አንድ ነገር ግን ማልልኝ፦
መርፌው ቀዩ ላይ ቢወጣ፣ ሌሊት ቢሆን፣ ብቻህን ብትሆን፣
እንዳታጠፋው።
ንዳው።
ይቅለጥ።